የቶርኔዶ ወቅት በዳላስና አካባቢው፦ ጥያቄና መልስ

በሰሜን ቴክሳስ ቶርኔዶ የሚበረታው ከማርች እስከ ጁን ነው፤ ኤፕሪልና ሜይ ይብሳሉ። ሆኖም ጋርላንድንና ራውሌትን የመታው በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ነበር፤ ሰሜን ዳላስን የመታውም ኦክቶበር 20 ቀን 2019። ሁለቱም የመጡት ከመሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ አንዴ «ዋች» አንዴ «ዋርኒንግ» ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋች ሲባል አየሩ ለቶርኔዶ ተመቻችቷል ማለት ነው፤ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ስልክ ቻርጅ ይደረግ፣ የሁሉም ጫማ መጠለያ ባደረጋችሁት ክፍል ይቀመጥ። ዋርኒንግ ሲባል ግን ወይ በዓይን ታይቷል ወይ ራዳር ሽክርክሪቱን ይዞታል፤ ያለዎት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በር ከፍተው ሰማይ አይመልከቱ፤ ሌሊት ወይም በዝናብ ተጋርዶ ሲመጣ አይታይም።

ጥያቄ፦ ሥራ ስውል ልጆቹን የምትጠብቀው እናቴ ናት። እንግሊዝኛ አትችልም። ምን ላስተምራት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ይህ ነው። ማስጠንቀቂያው ስልክ ላይ በአማርኛ አይመጣም። ድምፁም የጠፋ ልጅ ሲፈለግ ከሚመጣው ጋር አንድ ስለሆነ በጆሮ ብቻ መለየት አይችሉም። ቶርኔዶ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊላቸው። ሰባት ፊደል ነው፤ ስልኩን አጠገቡ ይዘው ቢያስተያዩ ይለዩታል። ደንቡም አንድ ይሁን፦ ቃሉን ካዩ መጀመሪያ ልጆቹን ይዘው መጠለያ ወደተመረጠው ክሎዜት መግባት፣ ከዚያ መደወል። «ልጄን ልጠይቅ» ብለው ስልክ ሲሞክሩ ነው ደቂቃው የሚያልቀው።

የዳላስ ከተማ ሳይረን በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይሞከራል። ያን ቀን አብራችሁ ተለማመዱ፤ ከሶፋው ተነስተው የክሎዜቱን በር እስኪዘጉ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሪ። ሳይረን የተሠራው ደጅ ላለ ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥ የተኛን ላይቀሰቅስ ይችላል። ለሌሊት በባትሪም የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ግዢ። የካውንቲሽን ቁጥር ካላስገባሽለት ለሩቅ ካውንቲ ሁሉ ይጮኻል፤ ሰው ይሰለችና ይነቅለዋል። ዳላስ 048113፣ ኮሊን 048085፣ ታራንት 048439 ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቤዝመንት የለውም። የት እንግባ?

መልስ፦ ከታችኛው ፎቅ መሃል ላይ ያለ፣ መስኮት የሌለው ትንሽ ክፍል ይምረጡ፤ ደረጃ ሥር ያለ ክሎዜት ወይም መታጠቢያ ቤት። በእናንተና በደጁ መካከል ግድግዳው በበዛ ቁጥር ይሻላል። ጋራዥ አይሆንም፤ ሰፊው በር ቶሎ ይሸነፋል፣ የገባው ነፋስ ደግሞ ጣሪያውን ከታች ይገፋዋል። «መስኮት ይከፈት» የሚለው የድሮ ምክርም በዚሁ ምክንያት ስህተት ነው።

የተመረጠው ክሎዜት ሻንጣ ከተደረደረበት ቤተሰቡ አይገባበትም፤ ዛሬውኑ ያራግፉት። ለእያንዳንዱ ሰው የብስክሌት ሄልሜት ይኑር፤ ብዙ የሚገድለው በራስ ላይ የሚወድቀውና የሚወረወረው ነገር ነው። ሕፃኑን በመኪና ወንበሩ ላይ አስረው ያስገቡት፤ እጅ ሊለቅ ይችላል። ጫማ የሚያስፈልገው ለመውጫው ነው፤ ወለሉ መስታወትና ሚስማር ይሆናል። ፊሽካና ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስም ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ።

መልስ፦ ምድር ቤት ካለ ጎረቤት ጋር ዛሬ ይነጋገሩ። ሊፍት አይጠቀሙ። ጊዜ ካጠረ የራስዎ መታጠቢያ ቤት።

ጥያቄ፦ ትራክ ነው የምነዳው። መንገድ ላይ ቢይዘኝ ድልድይ ሥር ልቁም?

መልስ፦ በፍጹም፣ ወንድሜ። ነፋሱ በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ይበረታል፣ ስብርባሪውንም ይዞ ይገባል። ሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማ ውስጥ ሦስት ሰዎች የሞቱት ድልድይ ሥር ተጠልለው ነው። በጋርላንዱም ከሞቱት አብዛኞቹ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ ነበሩ። ዋች ሲወጣ፣ በተለይ ትሬይለሩ ባዶ ከሆነ፣ ትራክ ማቆሚያ ገብተህ ጠብቅ፤ ዋርኒንግ ሲመጣ ከካቢኑ ወርደህ ወደ ሕንፃው መታጠቢያ ክፍል ሂድ። ሕንፃ ካጣህ ቀበቶህን እንዳሰርክ ራስህን ከመስኮቱ በታች አድርግና በብርድ ልብስ ሸፍን። ከመንገዱ በደንብ ዝቅ ያለ፣ ውኃ ያልሞላው ጉድጓድ ካለ እዚያ ተኛና ራስህን በእጅህ ሸፍን።

ጥያቄ፦ መብራት ከጠፋ ቡና በከሰል ቤት ውስጥ ማፍላት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ መስኮት ቢከፈትም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጀበናው ከነከሰሉ ደጅ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይሁን፤ ጋራዥም በረንዳም ደጅ አይባሉም። ጄኔሬተርም ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ራስ ምታትና ማዞር ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከጀመረው ሁሉም ወጥተው 911 ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስስ?

መልስ፦ በቴክሳስ የነፋስና የበረዶ ዲዳክተብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እርስዎ የሚከፍሉት) ብዙውን ጊዜ በፐርሰንት ነው። ቤቱ በ400,000 ዶላር ከተገመተና ዲዳክተብሉ 2 ፐርሰንት ከሆነ፣ የመጀመሪያው 8,000 ከኪስዎ ነው። ተከራይ ከሆኑ የአከራዩ ኢንሹራንስ ዕቃዎን አይሸፍንም፤ የራስዎን ይግዙ። እያንዳንዱን ክፍል፣ ቁምሳጥኑንም ከፍተው፣ በቪዲዮ ይቅረጹና ከስልኩ ውጭ ያስቀምጡ። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድና የልደት ሰርተፍኬት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ሆነው እዚያው ክሎዜት ውስጥ ይቀመጡ።