«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ለሚሏት አንባቢ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ለመገጣጠሚያ ሕመም የታዘዘለትን እንክብል ለስምንት ወር ሲውጥ ቆይቶ በድንገት ልቡን ታሞ አረፈ። አንድ ጠበቃ አምራቹን እንክሰስ ብሎ ጉዳዩን ይዞልናል። ኩባንያው ግን ትልቅ ነው፤ የጠበቆቹ ብዛት ራሱ ያስፈራል። ዘመድ ሁሉ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይለናል። ጠበቃችን ደግሞ ባዶውን የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር አምጡ እያለ ያስጨንቀናል። ዕድል አለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር።

ጠበቃሽ ስለ ካርቶኑ መጨነቁን ወድጄለታለሁ። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በመድኃኒት ኩላሊቷ የተጎዳ ሴት ጉዳይ ይዤ ነበር። መድኃኒቱ ሲያልቅ ብልቃጡ ተጥሏል። ያንኑ ዓይነት መድኃኒት የሚያመርቱት ደግሞ ብዙ ናቸው። የኩባንያው ጠበቃ ተነስቶ «የወሰደችው የእኛን ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?» አለ። ምንም አልነበረንም። በዚያው ተረታን። ከችሎት ስንወጣ «ልጄ ናት ቤት ስታጸዳ የጣለችው፤ አደራ እንዳትሰማ» ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የአባትሽን ነገር ሳነብ የቫዮክስ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቫዮክስ መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 ያወጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ ነው። ለሀርት አታክና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ በጥናት ሲታይ በ2004 ከገበያ ሰበሰበው። በ2005 ማርክ ላኒየር የሚባል ጠበቃ ባሏ የሞተባትን ሴት ወክሎ ቴክሳስ ግዛት ውስጥ ችሎት ቀረበ። በሟቹ የሞት ማስረጃ ላይ የተጻፈው «የልብ ምት መዛባት» ነበር። የኩባንያው ጠበቆች ያቺኑ ቃል ሙጥኝ አሉ። መድኃኒታችን የልብ ምት አያዛባም ነው ክርክራቸው። ላኒየር አስከሬኑን የመረመረችውን ሐኪም ፈልጎ አገኛት። እሷም ሰውየውን የገደለው ሀርት አታክ ሳይሆን አይቀርም ብላ መሰከረች።

ከኩባንያው ጓዳ የወጡ ወረቀቶችም ነበሩ። የምርምር ኃላፊው ገና በ2000 የልብ ጉዳቱ በግልጽ እንደሚታይ በኢሜይል ጽፏል። ለመድኃኒት አስተዋዋቂዎች በተዘጋጀ ማሠልጠኛ ላይ ሐኪሞች የሚያነሷቸው ከባድ ጥያቄዎች ተደርድረው፣ መጨረሻ ላይ «ዶጅ» ይላል። ሸሽተህ እለፍ እንደማለት ነው። ይህ ዛሬም ያመኛል። ሐኪሙ የሚጠይቀው እኮ ለበሽተኛው ብሎ ነው።

ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች፣ 253 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ የግዛቲቱ ሕግ ገንዘቡን ወደ 26 ሚሊዮን ገደማ አወረደው። በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሞቱን ያመጣው ቫዮክስ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ፍርዱን ጭራሽ ሻረው። ያም ሆኖ ኩባንያው በ2007 ከሌሎች በሺዎች ከሚቆጠሩ ከሳሾች ጋር በ4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማምቶ ነበር።

ዕድል አላችሁ። አባትሽን የገደለው ይህ መድኃኒት ለመሆኑ ማስረጃ ማቅረቡ ላይ ነው ትልቁ ትግል። ጠበቃሽን ሁለት ነገር ጠይቂው፦ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ገደብ፣ መቼ ያልቃል? ብንሸነፍ የባለሙያ ምስክሮቹን ወጪ ማን ይሸፍናል? ካርቶኑን ከማስረከብሽ በፊት ፎቶ አንሺው፤ በተለይ የባች ቁጥሩ (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው ቁጥር) የታተመበትን ጎን። መረከቡንም በወረቀት ፈርሞ ይስጥሽ።