ኮምቦልቻ ላይ ሕንፃ ለምትነድፉ፦ ፎቁን ከመቁጠራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በኮምቦልቻና በደሴ በቅየሳ፣ በንድፍ ወይም በግንባታ ፈቃድ ሥራ ላይ ላላችሁ ነው የምጽፈው። ደንበኛ መጥቶ «ስንት ፎቅ ይፈቀድልኛል?» ሲላችሁ በፎቅ አትመልሱለት። ኤርፖርት አጠገብ የሚፈቀደው ከፍታ የሚለካው ከባሕር ወለል ተነስቶ ነው። መሬቱ አንድ ካልሆነ፣ በአንድ መንገድ ዳር ላሉ ሁለት ቦታዎች ለአንዱ ጂ+5፣ ለሌላው ጂ+2 ሊፈቀድ ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሜዳው ሳያልቅ ዳገቱ ይጀምራል።

የኮምቦልቻ ኤርፖርት ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 14፣ የርዝመት መለያ ቁጥሩ 4 (ትልቁ ምድብ) ለሆነና በመሣሪያ ለሚታረፍበት ራንዌይ (ማኮብኮቢያ)፣ ከኤርፖርቱ ከፍታ 45 ሜትር ሽቅብ ላይ 4 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ጠፍጣፋ የገደብ ወለል በሐሳብ ያሰምራል። ከዚያ ጠርዝ ጀምሮ ወለሉ በ5 በመቶ እየወጣ ለ2 ኪሎ ሜትር ይቀጥላል፤ ሲያበቃ ሌላ 100 ሜትር ጨምሯል። ቅርጹ ገበቴ ነው። በራንዌዩ ጎን ለጎን ገደቡ በየ7 ሜትሩ 1 ሜትር ይወጣል። በሁለቱ ጫፎች በኩል ግን ለመጀመሪያው 3 ኪሎ ሜትር በ2 በመቶ ብቻ ነው የሚወጣው። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚህ፣ በጫፎቹ አቅጣጫ ነው።

በስሌት እንየው። ከራንዌዩ ጫፍ በቀጥታ መስመር 1,500 ሜትር ላይ ያለ ቦታ እንውሰድ። በ2 በመቶ የሚወጣው የማረፊያ ወለል የሚጀምረው ከጫፉ 60 ሜትር ርቆ ስለሆነ የሚቀረን 1,440 ሜትር ነው፤ 2 በመቶው 28.8 ሜትር። የቦታው መሬት ከራንዌዩ ጫፍ በ12 ሜትር ከፍ ካለ ለግንባታ የሚተርፈው 16.8 ሜትር ብቻ ነው። ደንበኛው ጂ+4 ይፈልጋል። አምስት ወለል በ3.2 ሜትር 16 ሜትር ነውና ይገባል ብሎ ነው የሚያስበው። ግን ከመሬት ከፍ ያለው መሠረት 0.6፣ ከጣሪያው በላይ የሚወጣው የደረጃ ቤት 2.8፣ እላዩ ላይ የሚቀመጠው ሮቶ ከነማቆሚያው 2፣ የመብረቅ መከላከያው ዘንግ 1.5 ሜትር ሲደመሩ 22.9 ሜትር ይሆናል። በ6 ሜትር አልፏል። ጂ+2 ቢሆን በዚሁ ስሌት 16.5 ሜትር ስለሚሆን ለጥቂት ይገባል። የሚቆጠረው የመጨረሻው ነገር ጫፍ ነው፤ ዘንግም ሆነ አንቴና ወይም ማስታወቂያ ሰሌዳ።

ስሌቱ ትክክል ሆኖ ልኬቱ ሲሳሳት ደግሞ ማንም አያየውም። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው የመገኛ መለኪያ ሥርዓት የተሠሩ ሲሆኑ የአቪዬሽን መረጃ ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳታዛውሩ ካደባለቃችሁ ቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ በራንዌዩ ጎን ይህ ብቻውን ከ14 ሜትር በላይ የከፍታ ስህተት ነው። ሁለተኛው፣ ጂፒኤስ በቀጥታ የሚሰጣችሁ ከፍታና ከባሕር ወለል የሚለካው ከፍታ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ ሜትሮች ስለሚሆን የጂኦይድ (የአማካይ ባሕር ወለል ቅርጽ) ማስተካከያ ይፈልጋል። ከታወቀ ቤንች ማርክ (ከፍታው ከተረጋገጠ የቅየሳ ምልክት) በሌቭል መሣሪያ ተነስታችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ልኬቱን በሌላ የታወቀ ቤንች ማርክ ላይ ዝጉ። የስልክ አፕሊኬሽን ከፍታ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ተራራው ከእኔ ሕንፃ ይበልጥ የለ?» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ በዙሪያችን ያሉት ተራሮች ገበቴውን ሰንጥቀው ወጥተዋል። ነገር ግን ተራራው በካርታ ላይ ሰፍሯል፤ የአውሮፕላኑ መውረጃና መውጫ የተነደፈውም እሱን ሸሽቶ ነው። አዲሱ ሕንፃ የሚቆመው ተሸሽቶ በተገኘው ክፍት መስመር ውስጥ ከሆነ ከተራራው ማነሱ አይጠቅመውም። ነባር ቋሚ መሰናክል ከጀርባው ያለውን ሕንፃ «ይጋርደዋል» ተብሎ የሚፈቀድበት ሁኔታ መኖሩን እወቁ። ሆኖም በአቪዬሽን ጥናት የሚወሰን እንጂ በዓይን ግምት የሚባል ነገር አይደለም።

ጉዳቱ የግጭት አደጋ ብቻ አይደለም፤ ይህን ለባለሀብቱም ለከንቲባውም ማስረዳት መቻል አለባችሁ። አንድ መሰናክል በማረፊያው መስመር ሲጨመር አብራሪው መሬት ሳያይ ሊወርድ የሚችልበት ዝቅተኛ ከፍታ ወደ ላይ ይነሳል። ክረምት ደመናው ዝቅ ሲል ያ ማለት ሳያርፍ የሚመለስ በረራ ነው። በመነሻው በኩል ደግሞ፣ ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንዱ ቢጠፋ ማሳየት የሚጠበቅበት የመውጣት አቅም 2.4 በመቶ ነው፤ ለደህንነት 0.8 ተቀንሶለት በ1.6 በመቶ ይሰላል። አየሩ በሳሳበት ከፍታችን ላይ፣ ሞቃት ቀን ሲጨመርበት፣ መሰናክሉን ለመዝለል ያለው መንገድ ሰው ወይም ጭነት መቀነስ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ላላት ከተማ ይህ ኪሳራ ነው።

ደሴ ከኤርፖርቱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከገበቴው ውጭ ናት። ስለዚህ ለከተማዋ ሕንፃዎች የሚያሳስበው የመሬት መንሸራተት ነው እንጂ ይህ ገደብ አይደለም። ሆኖም 150 ሜትር የደረሰ ግንባታ የትም ይሁን የት እንደ መሰናክል ይታያል። በደሴው የጦሳ ተራራ ወይም በሌላ ሸንተረር ላይ የሚተከል ማማም አጭር ቢሆን እንኳ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መታወቅ አለበት፤ የበረራ መስመር የሚነደፈው በተራራው ጫፍ ላይ እሱን ደምሮ ነው።

የኮምቦልቻን ገጽታ በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ከራንዌዩ መስመር በጎን ርቀው፣ መሬቱ ዝቅ ባለበት ይሰብሰቡ፤ በጫፎቹ አቅጣጫ ዝቅተኛ መጋዘንና ወርክሾፕ ይሁን። መዋቅራዊ ፕላኑ በየብሎኩ የጣሪያ ከፍታን ከባሕር ወለል በሜትር ቢጽፍ ግማሹ ክርክር ይቀራል። በነገራችን ላይ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነን፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ማፍረሱን የሚያውቅ መሐንዲስ ለከፍታ ብቻ አይቸኩልም።

ሚናሬትና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲመጣ ቀድማችሁ ሂዱ። ንድፉ ጸድቆ ገንዘቡ ከተዋጣ በኋላ «ቀንሱ» ማለት ሰውን ያስቀይማል። ኮሚቴው ገና ሲመሠረት ቁጥሩን ይዛችሁ ሽማግሌዎቹን ብታነጋግሩ ይቀበሏችኋል። ባሕር ዛፍም አትርሱ፤ ሲተከል ማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም፣ ግን ከ30 ሜትር በላይ ያድጋል።

የባለሥልጣኑን የከፍታ ማረጋገጫ የምትጠይቁት በፕላን ስምምነት ደረጃ፣ መሠረት ሳይቆፈር ነው። የአራቱን ማዕዘን መገኛ፣ የመሬቱን ከፍታና የመጨረሻውን ጫፍ ከፍታ አስገቡ። ታወር ክሬን ካለ ለብቻው አመልክቱ፤ ሁልጊዜም ከሕንፃው ይበልጣል፣ የማታ መብራትም ያስፈልገዋል።

ጣሪያው ሲሞላ እንደገና ለኩ። ለወደፊት ፎቅ ተብሎ ከኮለን ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረውን ፌሮ ከገደቡ በላይ ሌላ ወለል የሚያስከትል ከሆነ አስቆርጡት፤ የተፈቀደውንም የጫፍ ከፍታ በሜትር በፈቃዱ ፋይል ላይ አስጽፉ። ቤቱ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የሚያየው ፌሮውን ነውና።