የምድር ጥቁር አሸዋ ስለ ማርስ ምን ይነግረናል?

ሰላም ወንድሜ፣ «የአይስላንድ አሸዋ ማርስ ላይ ስለነበረው ውሃ እንዴት ሊያስረዳ ይችላል?» ብለሃል። በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ልሞክር።

የማርስ ገጽ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ። ምድር ላይ የለመድነው አሸዋ ግን ብዙውን ጊዜ ኳርትዝ የሚባል ሌላ ማዕድን ስለሆነ ለማወዳደር አይመችም። አይስላንድ ውስጥ ወንዙም ነፋሱም የሚያንከባልሉት ያንኑ ባዛልት ነው፤ አገሩም ቀዝቃዛ ነው።

አሁን ኦሊቪን የሚባለውን አረንጓዴ ማዕድን አስበው። ውሃ ካገኘው ከሌሎቹ ቀድሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከበረዶው ግግር ሥር ተነስተው ወንዙን እየተከተሉ አሸዋ ይዘግናሉ። የቱ ማዕድን ቀረ? የቱ ወደ ሸክላ ተለወጠ? የአሸዋው ቅንጣት ምን ያህል ተድቦለቦለ? ይህን ይዘው የማርስን ድንጋይ ያነባሉ።

ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ሮቨር (ተሽከርካሪ ሮቦት) በ2012 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ጌል በተባለው ሰፊ ጉድጓድ አርፋ፣ ወንዝ ያሻሻቸው ድቡልቡል ጠጠሮች አገኘች። ቀጥላ ከሐይቅ ደለል የተሠራ ድንጋይ ስትሰረስር ስሜክታይት የሚባል ሸክላ ወጣ።

ይህን ሸክላ እኮ አንተም ታውቀዋለህ! የደጋችን መረሬ አፈር በስሜክታይት የተሞላ ነው፤ አብዛኛው የመጣውም ከባዛልት ነው። ክረምት ያብጥና ጫማህን ይዞ አልለቅም ይላል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ሸክላ ከመሬት በታች ባለ ፍል ውሃም ይፈጠራል። ስለዚህ ወንዝ ወይም ሐይቅ ነበር ለማለት ማዕድኑ ብቻውን አይበቃም፤ የደለሉ አነባበር አብሮ መታየት አለበት።