ከጓደኛሽ ጋር ተሽቀዳደሚ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። እዚሁ ጅማ ነርስ ሆና ትሠራለች። «ቲቸር፣ ለማስተርስ አንድ የስፖንሰር ቦታ መጥቷል። መስፈርቱን የምናሟላው እኔና ጓደኛዬ ብቻ ነን። ከምንቀያየም እኔ ብተወው አይሻልም?» አለችኝ። አስቤበት እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የሚባል አልነበረም፤ ስንት ዘመን ያላሰብኩት ነገር ተነሥቶብኝ አደረ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። እኔ የፈረንጅ አራዳ ልጅ ነኝ፣ ጓደኛዬ የሂርማታ። ጎህ ሲቀድ ተጠራርተን ወደ ጂሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት እንያያዘዋለን። እናቷ የምትቋጥርላት ቆሎ ለሁለታችንም ቁርስ ነው። ዳገቱን እሷ ትችለዋለች፤ እኔ የምበልጣት አነሣሥ ላይ ነበር። እንደ ዛሬው የመነሻ ብረት ስላልነበረን አፈሩን በሾርባ ማንኪያ ቆፍረን እግራችንን የምንተክልበት ጉድጓድ እናበጃለን። ቀዩ የጅማ አፈር ትንሽ ሲረጥብ ቅርጹን ይይዛል፤ ውኃው ከበዛ ግን እግር ይውጣል።

ለትምህርት ቤቶች ውድድር በ200 ሜትር ሴቶች አንዲት ልጅ ብቻ አዲስ አበባ ትሄዳለች ተባለ። ሰዓት ያዡ አንድ ቀን እኔን ያስቀድማል፣ ሌላ ቀን እሷን፤ በአውራ ጣት የሚጫን ሰዓት ከዚህ በላይ መለየት አይችልም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ብቻ እንድንሮጥ ተወሰነ። ዓርብ ከሰዓት ሜዳው ላይ የኖራ መስመር ተሰመረ። ማታ ዝናቡ መጣ። የጅማን ዝናብ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

ጠዋት ስንደርስ ኖራው ታጥቦ ሄዷል፣ ኩርባው ኩሬ ሆኗል። ኃላፊዎቹ ከቆርቆሮው ሥር ተሰብስበው ሰዓታቸውን ያያሉ። ስም ዝርዝሩ በዚያው ቀን መላክ ነበረበት። እኛ ልብሳችንን አውልቀን በሩጫ ቁምጣ፣ በባዶ እግራችን ቆመን እንጠብቃለን። ጓደኛዬ «በጭቃውም ቢሆን እንሩጥ» አለች፤ እኔም እንሩጥ አልኩ። «እግራችሁ ይሰበርና በእኛ ይመጣል» አሉን። ከዚያ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ውሳኔውን ተናገረ፦ «ይቺኛዋ አሥራ ሁለተኛ ናት፣ ዘንድሮ ካልሄደች አትሄድም። አንቺ ለከርሞ ትሄጃለሽ።» በቃ፣ አለቀ። ጓደኛዬ ምንም አልተናገረችም። ለዚያ ቀን ብላ የገዛችውን ነጭ ካልሲ ከቦርሳዋ አውጥታ «አዲስ አበባ ይበርዳል» ብላ ሰጠችኝ።

አዲስ አበባ ሄጄ በማጣሪያው ቀረሁ። ለከርሞ የተባለው ደግሞ አልመጣም፤ አባቷ በሥራ ወደ ጎሬ ተዛወሩና እሷም አብራ ሄደች። እዚያ የሚያሠለጥናት አልነበረም።

ከስንት ዓመት በኋላ አጋሮ ለቅሶ ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም ሸብተናል። ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን «ያን ቀን ብንሮጥ እበልጥሽ ነበር» አለችኝ። «የት አባሽ!» አልኳት። ሳቅን፣ ሰው እስኪገላምጠን። ቆይታ ግን፣ ሳቋን ትታ፣ «ብበለጥ እኮ ይወጣልኝ ነበር» አለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። ያን ቦታ አሸንፌው ይሁን ተሰጥቶኝ አላውቅም፤ የሚነግረኝ ሰውም የለም።

ታዲያ እኔ ስፖርት ሳስተምር የኖርኩ ሴት፣ በረዶ ላይ እግሬን አሳርፌ የማላውቅ፣ የበረዶ ላይ የፍጥነት ሸርተቴ ለምን እንደምወድ ልጆቼ ይገርማቸዋል። የካቲት 2010 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን እለቃለሁ ብለዋል፣ አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል፤ ዜናው ሲሰለቸኝ ጣቢያ ስቀይር የክረምት ኦሊምፒክ የሴቶች 500 ሜትር ሸርተቴ ላይ ደረስኩ። (ዓመቱ ጅማ አባ ጅፋር ገና ፕሪምየር ሊግ በገባበት ዋንጫ የበላበትም ነው፤ ከተማው የሚያስታውሰው ያንን ነው።) መሮጫው 400 ሜትር ዙሪያ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይነሣሉ፤ አንዷ በውስጥ፣ አንዷ በውጭ መስመር፤ መሐል ላይ ይቀያየራሉ። ሜዳልያው ግን የሚታደለው በሰዓት ነው። ስለዚህ ቀድማ የጨረሰች ቆማ የሌሎቹን ሩጫ ትጠብቃለች። ከናጋኖ እስከ ሶቺ በነበሩት ኦሊምፒኮች ሁለት ጊዜ ተሮጦ ሰዓቱ ይደመር ነበር፤ በደቡብ ኮሪያዋ ጋንግኑንግ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። አንዴ ከተሳሳትሽ አበቃ።

ጃፓናዊቷ ናኦ ኮዳይራ 36.94 ገባች፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ዕድሜዋ 31 ነው፤ ቀጥሮ ያኖራት ደግሞ በማትሱሞቶ ከተማ ያለ አይዛዋ የሚባል ሆስፒታል ነው። (የእኛ ሆስፒታሎች ይስሙ!) የጃፓን ደጋፊ ጮኸ። ቀጥላ የምትነሣው የአገሬው ልጅ ሊ ሳንግ ህዋ ናት፤ ቫንኩቨርና ሶቺ ወርቅ የወሰደች፣ 36.36 የሆነውን የዓለም ክብረ ወሰን ያኔ በእጇ የያዘች። ኮዳይራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ የራሷን ደጋፊዎች ዝም አሰኘች፤ ጓደኛዋ በጸጥታ እንድትነሣ። ሊ 37.33 ገባች፣ ብር። ሦስተኛዋ ቼካዊት ካሮሊና ኤርባኖቫ 37.34። ሊ ባንዲራዋን ይዛ ስታለቅስ ኮዳይራ ጠብቃ አቀፈቻት። ኮዳይራ ኋላ እንደተናገረችው፣ ከዚያ በፊት ሴኡል ላይ ስታሸንፍ ወደ ኔዘርላንድስ ለመብረር ትጣደፍ ነበርና እስከ አየር ማረፊያ የታክሲዋን የከፈለችላት ሊ ናት፤ ተሸናፊዋ!

ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ ፍጥነቷን ቀንሳ አልሮጠችም። የዛሬ ልጆች ይሄ አይገባችሁም። ወይ ጓደኛችሁን ብሎክ ታደርጋላችሁ፣ ወይ «ላንቺ ብዬ ተውኩት» ብላችሁ ዕድሜ ልኳን ባለዕዳ ታደርጓታላችሁ። የእኛም ዘመን ሰው ያው ነበር፤ ስልክ ስላልነበረን እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው አሜሪካዊቷን የሸርተቴ ተወዳዳሪ ብሪታኒ ቦውን ያነሣብኛል። የአገሯ ልጅ ኤሪን ጃክሰን በ500 ሜትር ከዓለም አንደኛ ሆና ሳለ በአሜሪካ ማጣሪያ ተንሸራታ ሦስተኛ ወጣች። ቦታው ለሁለት ነበር። ያንን ማጣሪያ ያሸነፈችው ቦው፣ ከጃክሰን ጋር የአንድ ከተማ ልጅ የሆነችው፣ ቦታዋን ሰጠቻት። ጃክሰን በ2014ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ጃፓናዊቷን ሚሆ ታካጊን በ0.08 ሰከንድ ቀድማ በ37.04 ወርቅ ወሰደች፤ በክረምት ኦሊምፒክ በግል ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እንግዲህ መተው እንዲህም ያምራል፣ ቃሌን የሚያፈርስ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ቦው የሰጠችው ሮጣ፣ አሸንፋ፣ ቦታው የራሷ ከሆነ በኋላ ነው። የሰጠችውን ታውቀዋለች፤ ተቀባይዋም ታውቀዋለች።

ስለዚህ ልጄ፣ ማመልከቻሽን አስገቢ፤ እሷም ታስገባ፤ ለፈተናው አብራችሁ አጥኑ። ካለፍሽ በኋላ መስጠት ካማረሽ ያኔ እናወራለን፤ እኔ ግን አልመክርሽም። ደግሞ ቦው ላይ ሌላ ነገር አለ፦ ኋላ ሌሎች አገሮች ያልተጠቀሙበት ቦታ ሲመለስ እሷም በ500 ሜትር ገባች፣ በ1000 ሜትርም ነሐስ አገኘች። ቢሮ ሂዱና ሌላ ሆስፒታል ያልሞላው ኮታ እንዳለ ጠይቁ። ተጠባባቂ ዝርዝር ከያዙም ሁለተኛዋ ስሟን ታስመዝግብ፤ በቃል አይሁን፣ በደብዳቤ፣ ማኅተም ተመትቶበት።