እናቴን እያስታመምኩ ኮሚክ መሥራቱን ላቁም ወይ? (መልስ)

ወንድሜ፣ እናትህን እያስታመምክ በየሳምንቱ አንድ የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ገጽ ለአንባቢዎችህ ማድረስ አቅቶህ «ላቁመው ወይ?» ብለሃል። አታቁመው። ፍጥነቱን ግን ቀንስ። አንድ ገጽ እኮ ረቂቅ አለው፣ የእርሳስ ሥራ አለው፣ ቀለም አለው፣ የንግግር ጽሑፍ አለው። ትልልቅ አሳታሚዎች ጋ ይህን ብዙ ሰው ይከፋፈለዋል። አንተ ብቻህን ነህ።

እኔ አባቴ ሲታመም «ለ2 ወር አርፋለሁ» ብዬ የምመለስበትን ቀን ለአንባቢዎቼ ጻፍኩ። አብዛኞቹ ጠበቁኝ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ በደብተር ረቂቅ ብቻ እሞነጫጭር ነበር። እሱ ይቻላል፤ ቀለም ግን አይሞከርም።

ስትመለስ 5 ወይም 6 ገጽ ሳታጠራቅም እንዳትለጥፍ። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያወጣህ ያ ስንቅ ነው። የእጅህ አንጓ ካመመህም ዛሬውኑ አሳርፈው።

እናትህን ይማርልህ።