ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀይሩ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ኮርስ ሳይክል ማርሽ ናቸው። ደስ ብሎኛል። በኛ አገር ዳገት ማርሹን ያላወቀ ሰው ሳይክሉንም ጉልበቱንም ይጨርሳል።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ያገለገለ ኮርስ ገዛሁ። የፊቱ 53 እና 39፣ የኋላው ትልቁ 25 ጥርስ ነው። ወደ ደብረ ሲና ስወጣ በቀላሉ ማርሽ እንኳ ጉልበቴን ያመኛል።»

በጉልበትህ አትፍረድ ወንድሜ፤ ማርሹ ለሜዳ የተሠራ ነው። አንተ ያለኸው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። 39ን ለ25 ስታካፍል 1.56 ይመጣል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ አንድ ዙር ተኩል ያህል ይዞራል ማለት ነው። በደቂቃ 60 ዙር ለመርገጥ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለብህ። እዚያ ዳገት ላይ ይሄ የተወዳዳሪ ፍጥነት ነው። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ቢሆንልህ ግን በዚያው አረጋገጥ 8 ኪሎ ሜትር ይበቃሃል። ችግሩ፣ 34ቱ ብዙ ጊዜ ባለህ ክራንክ (ፔዳሉን በሚይዘው ክንድ) ላይ አይገጥምም፤ ክራንኩ አብሮ ይቀየራል። ገንዘብ ካጠረህ ከኋላው ጀምር። ባለ 28 እንኳ ይለያል። የማርሽ መቀየሪያው ስንት ጥርስ እንደሚችል አስቀድመህ መካኒኩን ጠይቅ።

ከደብረ ብርሃን፦ «ከጫጫ ስመለስ ከፊት ትልቁን ሳልለቅ ከኋላም ትልቁ ላይ አወጣለሁ። ካቴናው ይጮኻል። ይጎዳዋል?»

አዎ እህቴ። ካቴናው ተጣሞ ይወጠራል፤ አጭር ከሆነ ደግሞ መቀየሪያውን ሊሰብረው ይችላል። ከፊት ትንሹን ከኋላም ትንሹን አንድ ላይ መጠቀምም ጥሩ አይደለም። ዳገቱ ሳይጀምር ከፊት ወደ ትንሹ ውረጂ። ስትቀይሪ መርገጥሽን አታቁሚ፣ ለአንድ ዙር ብቻ ቀለል አድርጊው። እኔ አንኮበር መንገድ ላይ፣ ዳገት መሃል፣ ቆሜ እየረገጥኩ ቀይሬ ካቴና በጥሻለሁ። ሳይክሉን እየገፋሁ ነው የተመለስኩት።

ከደነባ፦ «ለልጄ አዲስ ካቴና ገዛሁለት። ሲረግጥ ይዘላል። ካቴናው የማይረባ ነው?»

ካቴናው ላይሆን ይችላል፣ ጋሼ። አሮጌው ሲለጠጥ የኋላዎቹን ጥርሶች በልቷቸዋል፤ አዲሱ አይገጥምባቸውም። ጥርሶቹም መቀየር አለባቸው። ለወደፊቱ በሜትር ይለኩት። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተው፣ እሱን ሳይጨምሩ 24 ፒን ይቁጠሩ፤ ልክ 12 ኢንች መሆን አለበት። በ1/16 ኢንች ካለፈ ካቴናውን ብቻ ይቀይሩ፣ ጥርሱ ይተርፋል።

ከመሐል ሜዳ፦ «ካቴና በናፍጣ ይታጠባል?»

ይታጠባል። ፍሬኑን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቅ። በደንብ አድርቀህ ቀጭን ዘይት ቀባው፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረግ። ግራሶ ግን አትንካ፤ አቧራ ይሰበስባል።