የሃሩኖቡ ሰማይ ለምን ቡላ ሆነ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ሙዚየም ውስጥ ያየሻቸው የድሮ የጃፓን የእንጨት ህትመቶች ፈዛዛ ሆነውብሽ፣ «ጃፓኖች ደብዛዛ ቀለም ይወዱ ነበር ወይ? እኔስ በተክል ቀለም ማተም ብፈልግ በየትኛው ልጀምር?» ብለሻል። በእንጨት ማተም ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ፤ የተክል ቀለም ደግሞ በጣም የምወደው ነገር ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ያየሽው ቀለም ሲታተም የነበረው ቀለም አይደለም። ሱዙኪ ሃሩኖቡን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1765 ባለብዙ ቀለም ህትመት ሲጀመር ከፊት የነበረ ሰዓሊ ነው። ዛሬ በብዙ ሥራዎቹ ላይ ሰማዩና ወንዙ ቡላ ሆኖ ይታያል። ያኔ ግን ሰማያዊ ነበር። ቡናማ የሚመስለው ቀሚስም ሐምራዊ የነበረ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማመን የስፖልዲንግ ወንድማማቾችን ስብስብ ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ። በ1921 ለቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም 6,500 ገደማ ህትመቶች ሲሰጡ፣ መቼም ለዕይታ እንዳይሰቀሉ ብለው ነው። ብርሃን ስላላገኛቸው ቀለማቸው እስካሁን አለ። ፎቶዎቹን ስታዪ ትደነግጫለሽ።

ያ የጠፋው ሰማያዊ የሚሠራው እኛ የውሃ አንቁር ከምንለው አረም ጋር ዘመድ ከሆነች ተክል ነው። ጃፓኖች አበባዋ ተለቅ ያለውን ዓይነት በቢዋ ሐይቅ አጠገብ ኩሳትሱ ውስጥ ያመርቱ ነበር። የአበባውን ጭማቂ ወረቀት ላይ ደጋግመው ይቀቡና ያደርቁታል። አታሚው ከወረቀቱ ቆረጥ አድርጎ ጥቂት ውሃ ውስጥ ሲነክር ሰማያዊው ይለቃል። ውሃ እንዲህ በቀላሉ ስለሚያነሳው በኪሞኖ (በጃፓን ባህላዊ ቀሚስ) ላይ የሚስሉ ሰዓሊዎች ንድፍ ለመንደፍ ይጠቀሙበታል፤ ሲያልቅ ታጥቦ ይሄዳል። ህትመት ላይ ግን ይሄው ጠባዩ ጉዳት ነው። እርጥበትም ብርሃንም ይጨርሰዋል።

ቀዩ ላይ ግን ላቆይሽ፣ ምክንያቱም ተክሉ ቤታችን ያለ ነው። ሱፍ ነው! ፀሐይ ላይ የሚዞረውን ትልቁን አበባ ማለቴ አይደለም፤ ያንን እሾሃማውን፣ ዘሩ ለጾም ፍትፍት የሚሆነውን ነው። እኛ ዘሩን እንበላለን፣ እነሱ በተለይ ያማጋታ አካባቢ አበባውን ለቀለም ይለቅሙታል። አበባው ውስጥ ሁለት ቀለም አለ። ቢጫው ብዙ ነው፣ ውሃም ያነሳዋል። ቀዩ ግን ከደረቁ አበባ ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም፣ ውሃ ብቻውንም አያወጣውም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የደረቀውን አበባ በነጠላ ጨርቅ አስሬ በቀዝቃዛ ውሃ አሸዋለሁ። ውሃውን እየቀያየርኩ፣ ቢጫው መውጣት እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ ተጣርቶ የጠለለ የአመድ ውሃ ውስጥ አስገብቼ እንደገና አሸዋለሁ። ምንም እሳት የለም፤ ሙቀት ቀዩን ያበላሸዋል። ውሃው ድፍርስ ቡናማ ስለሚሆን ተስፋ አትቁረጪ። ሎሚ ጠብ ጠብ ስታደርጊበት አረፋ ይነሳና ወዲያው ሮዝ፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል። ጃፓኖች በሎሚው ፈንታ በጢስ ከደረቀ ፕሪም የወጣ ኮምጣጣ ውሃ ይጠቀማሉ። ቀለሙ ሲዘቅጥ ውሃውን ቀድተሽ ታደርቂዋለሽ። ወፈር አድርገሽ ስትቀቢው ሲደርቅ ወርቅማ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፤ አልተበላሸም፣ የጥሩ ቀይ ምልክቱ ነው።

ስታትሚ ቀለሙን ከጥቂት የሩዝ ማጣበቂያ ጋር እንጨቱ ላይ በብሩሽ አዳርሺው፣ ለስለስ ብሎ የረጠበ ወረቀት አልብሺውና ባረን በሚባለው፣ በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለው ክብ መጫኛ እሺው። ቀለሙ ላይ ላዩን አይቀርም፣ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ያ ለስላሳ መልክ የመጣው ከዚህ ነው።

ለቢጫ እርድ ይበቃል፣ እነሱም ተጠቅመውበታል። ግን እርድ የነካው ነጠላ ፀሐይ ላይ ሲውል እድፉ እንደሚለቀው፣ ህትመትሽ ላይም ይለቃል። ሳሙናና አመድ ካገኘው ደግሞ ወደ ቀይ ይለወጣል። አንዳንድ የድሮ ህትመት ላይ ቅጠሉ ሰማያዊ የሆነው አረንጓዴው ከቢጫና ከሰማያዊ ስለተደባለቀ ነው። ቢጫው ቀድሞ ሄደ።

ስለዚህ መጀመሪያ ኢንዲጎ ያዢ፤ ከተክል ቅጠል የሚወጣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ነው። ውሃ አያሟሟውም፣ ብርሃንም ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ይችላል። የታዋቂው ጃፓናዊ ሰዓሊ የሆኩሳይ የፉጂ ተራራ ሥራዎች ሰማያዊ እስካሁን የደመቀው ግን በአብዛኛው በተክል አይደለም፤ በ1830 አካባቢ በህትመት ላይ የተስፋፋው፣ ከውጭ የገባና በኬሚካል የሚሠራ የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባል ቀለም ነው። በ1860ዎቹ ደግሞ የፋብሪካ ቀይና ሐምራዊ መጡ፣ የተክል ቀለም ከገበያ እየወጣ ሄደ። እኔ እንደሚመስለኝ ደማቁ ቀይ መጥቶ ብዙ ነገር ቀረ። የሱፍ ቀይ ስስ ተደርጎ ሲታተም ወረቀቱ ከውስጥ የሚያበራ ነው የሚመስለው፣ የፋብሪካው ይህን አያደርግም።

የምታዘጋጂውን ቀለም ሁሉ ቁራጭ ወረቀት ላይ አትመሽ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነሽ መስኮት ላይ ለጥፊው። ካርቶኑን ስታነሺ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ፤ ምን ላይ ምን እንደምታትሚም ያኔ ትወስኛለሽ። ግድግዳ ላይ የምትሰቅይው ካለ የኢንዲጎው ይሁን። የሱፉን ቀይና የእርዱን ቢጫ አቃፊ ውስጥ አስቀምጪያቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ አውጥተሽ አሳዪ።